መተማና ገላባት፦ በቁልቁለቱ ግርጌ ባዶ የቀረው ገበያ

ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፎ ጭልጋ ደጋ ላይ አይከል ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚያ በነጋዴ ባሕርና በገንደ ውሃ አድርጎ ከ800 ሜትር በታች ወዳለው ቆላ ይወርዳል። ጠረፉ ላይ መተማ ዮሐንስ አለች፤ ከጠባቡ ወንዝ ማዶ ደግሞ ገላባት። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው፤ ሜዳነቱ ግን ለመንገደኛ አልቀለለም። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ የከብት እግር ይውጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ደግሞ ጭቃው ሰውም ጋሪም አያሳልፍም። ደገኛው ቆላውን የሚፈራው ከጭቃው ይልቅ በንዳዱ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ለዘመናት የሚያገለግለው ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ብቻ ነበር።

መተማን ገበያ ያደረጋት ይኸው የመንገዱ ክፋት ነው ማለት ይቻላል። ግመል ዳገቱን አይወጣም፤ የደጋ በቅሎም ቆላው ውስጥ ብዙ አትቆይም። ጭነቱ የሆነ ቦታ ላይ ከጀርባ ወደ ጀርባ መዛወር ነበረበት። ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም እ.ኤ.አ. በ1865 መጨረሻ ከምጽዋ በከሰላ ዞሮ መተማ ሲደርስ ዕቃው የመጣው በግመል ነው። ወህኒ ላይ ግን ግመሎቹ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት ዕቃው የወጣው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ በተሰበሰቡ ገበሬዎች ሸክም ነው። ከእርሱ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከጎንደር ወርዶ፣ ያኔ ራስ አል ፊል በሚባለው በዚሁ ጠረፍ አልፎ ሴናር ለመግባት ከ1771 ዲሴምበር እስከ 1772 ኤፕሪል ፈጅቶበታል። ካልታመመና ከጠረፍ ሹማምንት ጋር ካልተጣላ ፈጥኖ በደረሰ ነበር፤ ግን በዚህ መንገድ ሳይታመምና ሳይጣላ ያለፈ መንገደኛ ብዙም አይገኝም።

የገበያው ባለቤቶች ተክሩር የሚባሉ ሙስሊሞች ነበሩ። ትውልዳቸው ከዳርፉርና ከዚያ ወዲያ ካለው ምዕራብ አፍሪካ ሲሆን ወደ መካ ሲሄዱና ሲመለሱ እዚያው የቀሩ ናቸው። የራሳቸው ሼህ ነበራቸው፤ ግብርም ለሁለት ወገን ይከፍሉ ነበር፤ ለኢትዮጵያ ገዥና በሱዳን ለነገሠው የግብጽ መንግሥት። ለሁለት መገበር እንደ ሞኝነት ሊታይ ይችላል፤ ለጠረፍ ገበያ ግን ከአንዱ ወገን መዘረፍን የሚያስቀር ኢንሹራንስ ነበር። የጎንደርና የደሪጣ ሲራራ ነጋዴ ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዞ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል የጥጥ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ ይመጣል፤ ሂሳቡ በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ከሸቀጦቹ መካከል ሰውም ነበር። መተማ ከኢትዮጵያ ለሚነዱ ባሮች ዋና በር ከነበሩት አንዷ ናት፤ ስለ ገበያው ብልጽግና የሚነገረውን ሁሉ ከዚህ ለይቶ ማየት አይቻልም።

ይህን ሁሉ ያፈረሰው የመሐዲ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በአድዋ በተፈረመው የሂወት ውል ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ደርቡሽ በሚባሉት የመሐዲ ተከታዮች የተከበበው የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ለመርዳት ተስማሙ። የገላባት ጦር በዚህ እርዳታ በ1885 ወጣ። የተክሩሩ ሼህ ሷሊህ ሻንጋም ከደርቡሽ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ወደ ኢትዮጵያ ተጠጋ። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መትተው የደርቡሹን አዛዥ ወድ አርባብን ገደሉ። የዓመቱ አጸፋ ከባድ ነበር። ሐምዳን አቡ አንጃ በጥር 1880 ዓ.ም. በዚሁ ቁልቁለት ሽቅብ ወጥቶ ደምቢያ ውስጥ ሳር ውሃ ላይ የንጉሡን ጦር ሰበረ፤ ጎንደርንም አቃጠለ። ነጋዴ በዝግታ የሚወጣውን ዳገት አንድ ሠራዊት በቀናት ሊወጣው እንደሚችል ያኔ ታየ።

ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ወደ መተማ የወረዱት ከዚያ በኋላ ነው። አቡ አንጃ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር የከተማዋን የእሾህ ቅጥርና ምሽግ የያዘው ዘኪ ጡማል ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ቅጥሩን ጥሶ ገብቶ ድሉ የተጨበጠ በመሰለበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው ሲሰማም ጦሩ ተፈታ። አስከሬኑን ይዘው ወደ ደጋ ይመለሱ የነበሩትን ወታደሮች ደርቡሾች ጓንግ አጠገብ ደረሱባቸው። ሱዳኖች አትባራ የሚሉት ወንዝ ይኸው ጓንግ ነው። አጎታቸው ራስ አርአያ እዚያ ተዋግተው ወደቁ፤ የንጉሡም ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። አሸናፊውም ብዙ አልተጠቀመም። በሁለቱም አገር ረሀብ ገባ፤ በኢትዮጵያ ክፉ ቀን የተባለው ነው። በጦር፣ በረሀብና በስደት ሕዝቡ አለቀ፤ የሰም፣ የቡናና የሰው ገበያ የነበረው ቦታ የምሽግ ፍርስራሽ ብቻ ቀረ።

ደርቡሾችን ድል ያደረገው የእንግሊዝና የግብጽ ጦር ገዳሪፍን በሴፕቴምበር 1898 ያዘ፤ በዓመቱ መጨረሻ ገላባት ሲደርስ ግን የምኒልክ ሰንደቅ ዓላማ ተተክሎ ጠበቀው። ባለቤት የሌለው ቦታ ሁለት ባለቤት አገኘ። በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል ወንዙን ወሰን አድርጎ ገላባትን ለሱዳን፣ መተማን ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ እስከዚያ ድረስ ገላባት የአገሩ፣ መተማ የከተማዋ ስም ነበር። ጉምሩክ ተቋቋመ፣ ንግዱም ትንሽ አገገመ፤ የድሮው ግን አልተመለሰም። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ የኢትዮጵያን ቡና ወደ ምሥራቅ ሳበው፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሐዲዱ ገዳሪፍ ሲደርስ ደግሞ ገዳሪፍ አደገች፤ ገላባት ግን ከሐዲዱ ርቃ ቀረች።

ሞተር ይህን መንገድ በብዛት የተዋወቀው በጣሊያን ዘመን ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በጁላይ 1940 ገላባትን ያዙ። ኖቬምበር 6 ቀን እንግሊዛዊው ዊልያም ስሊም የሚያዘው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ አጠቃ፤ ገላባትን መልሶ ያዘ፣ መተማን ግን አልቻለም። ካሰለፋቸው 12 ታንኮች 9ኙ የቆሙት ከመድፍ ይልቅ በፈንጂና በድንጋይ ነው። በሣር የተሸፈነው ቋጥኝ ሰንሰለታቸውን በጠሰው፤ መለዋወጫ የጫነው መኪናም በአውሮፕላን ተመታ። ጣሊያኖች በጃንዋሪ 1941 መጨረሻ መተማን ለቀው ወደ ጭልጋ ሲያፈገፍጉ መንገዱን ፈንጂ ቀበሩበት። የሕንድ መሐንዲስ ጦር መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት በብረት ለበስ ተሽከርካሪ ከፊት እየሄደ በአራት ቀን 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና 15 የፈንጂ ቀጠና አጸዳ። ተሽከርካሪው ሁለት ጊዜ ከሥሩ ፈነዳ፣ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ፤ ሥራውን ግን በእጁ ቀጠለ። ለዚህም የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሕንዳዊ መኮንን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ የሎሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ገዳሪፍ አካባቢ ለሠራዊት ቀለብ ተብሎ የተጀመረው የማሽላ እርሻ በትራክተር እየሰፋ ሄደ፤ በኢትዮጵያ በኩልም ሰሊጥና ጥጥ ቆላውን ያዘ። ለአረምና ለአጨዳ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ካላዛርና ወባ ቢያሰጋውም መውረዱን አልተወም። ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎን እየሮጠ መውረድ የሾፌሩ ሙያ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ግን ዋልካው እስኪደርቅ መቆም እንጂ ሌላ ዘዴ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሰው በዚሁ አቅጣጫ የሄደው በእግሩ ነው። ረሀብና ጦርነት ያፈናቀላቸው፣ ቤተ እስራኤልም ጭምር፣ ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባን በመሳሰሉ መጠለያዎች ሰፈሩ። ከቤተ እስራኤል ወደ 4,000 የሚጠጉት በመንገድና በመጠለያ አልቀዋል፤ ወደ 8,000 የሚሆኑት ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በዘመቻ ሙሴ ከካርቱም ተወስደዋል። ኡም ራኩባ በኋላ ተዘግቶ ጎጆዎቹ ፈረሱ፤ በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሲመጡ እንደገና ተከፈተ።

አስፋልቱ በሁለቱም ወገን ከተነጠፈ በኋላ ዋልካና ዳገት የመንገዱ ጌቶች መሆናቸው ቀረ። የሱዳን ቤንዚን በቦቴ ሽቅብ ወጣ፤ መተማ ዮሐንስም ሆቴልና መጋዘን በዛባት። ኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ሲጀመር የሰው ጎርፍ አቅጣጫውን ቀየረ። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የመጣው ሱዳናዊ ስደተኛ ወንዙን ተሻግሮ በመተማ በኩል ገባ፤ ከጠረፉ ወዲህም ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ተሠራለት።