ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው፦ የአእምሮ ሐኪሞቻችን ታሪክ

«አማኑኤል» የሚለው ስም በአዲስ አበባ ለስንት ዘመን መቀለጃ ሆኖ እንደኖረ ያውቁታል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ከጎጃምም ይሁን ከባሌ፣ ዘመዱ የታመመበት ሰው ጠበሉ ካልሆነለት በሽተኛውን ይዞ እዚያ ድረስ መምጣት ነበረበት።

ችግሩ የሕንፃና የአልጋ እጥረት ብቻ ይመስለን ይሆናል። የባሰው ግን የባለሙያ እጥረት ነበር። ሕክምና ደረጃውን ጠበቀ የሚባለው ደንብ ስለተጻፈ ሳይሆን፣ በደንቡ የሚሠራ የሠለጠነ ሰው ሲኖር ነውና።

የመጀመሪያው እርምጃ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና ነው። ነርሶቹ በአማኑኤል ሠልጥነው ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ሲሄዱ፣ ሕክምናው ለመጀመሪያ ጊዜ ለብዙው ሕዝብ ቀረብ አለ።

ይሁን እንጂ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር ማዶ መሄድ ግድ ነበር፤ ሄደው የቀሩትን ደግሞ እኛ በስደት ያለነው በቅርብ እናውቃቸዋለን። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሦስት ዓመት ሥልጠና በአገር ቤት ከፈተ። ዶክተር አታላይ ዓለምና ዶክተር ክሌር ፔይን ከመሪዎቹ መካከል ነበሩ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ወር ያህል እየመጡ አስተማሩ፤ ተማሪዎቹም የአገራቸውን በሽተኛ እያከሙ ተማሩ። ተመራቂዎቹ በተራቸው አስተማሪ ሆኑ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች መመሪያ አወጣ፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ነበረች። በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ሕክምናው እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ አለመ።

እነዚህን እርምጃዎች ያስተሳሰራቸው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ማን ምን ይሥራ? ለዚያ ሥራ ምን ይማር? ሲሠራስ ማን ይከታተለው? ሦስተኛው ከተረሳ የአንድ ሳምንት ኮርስ የወሰደ ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሶ ብቻውን ይቀራል፤ የተማረውም ሳይውል ሳያድር ይጠፋዋል። የሚጎዳው በሽተኛው ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። 11 ሐኪሞች ብቻቸውን ያልቻሉት ሸክም ለነርሱም ለጤና መኮንኑም ሲከፋፈል ይቀላል። እርስዎም አገር ቤት ላለ ሆስፒታል ለመርዳት ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ስለ አልጋውና ስለ መድኃኒቱ ከጠየቁ በኋላ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ እዚያ የሚሠራውን ሰው ማን ያሠለጥነዋል? ከሠለጠነ በኋላስ ማን ያግዘዋል?