ጀበናው ሉዊስ ማውንቴን ያደረ ዕለት

እስቲ ቀረብ በሉ። የማወጋችሁ ስለ አንድ ሌሊት አዳር ነው፤ ያውም በድንኳን፣ ያውም በሰው አገር ጫካ።

ነገሩን ያመጣው የእህቴ ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ ነው። አማርኛው ደህና ነው፣ ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም። ዛፉ ሁሉ ቢጫና ቀይ በሆነበት ሰሞን፣ ኦክቶበር ላይ፣ «አያቴን ሼናንዶዋ ወስደን ድንኳን እናሳድራት» አለ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ገና ወሯም አልሞላ።

«ቤት እያለኝ ሜዳ ላይ የማድረው ምን አጥፍቼ ነው?» አለች። ግን የልጅ ልጅ ነዋ! ጀበናዋን ጠቅልላ ተነሣች።

ሼናንዶዋ ከዋሽንግተን በስተምዕራብ በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ የተዘረጋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ያን ጊዜ ተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ አባወራዎች መሬታቸውን ለቀው እንዲወርዱ ተደርገዋል፤ ስለዚህ «ሰው ያልኖረበት ጫካ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ አትመኑት። በተራራው ጀርባ ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት መንገድ ይሄዳል፤ ርዝመቱ 105 ማይል፣ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል። በየማይሉ ቁጥር ያለበት ድንጋይ ቆሟል፣ ቦታ ሁሉ የሚጠራውም በዚያ ነው።

ድንኳን የሚተከልባቸው ዋናዎቹ ቦታዎች 4 ናቸው። ማቲውስ አርም 22ኛው ማይል ላይ ነው፤ ለእኛ ቅርቡ እሱ ነበር፣ ግን ገላ መታጠቢያ የለውም። እናቴ ይህን ስትሰማ ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ ፊቷን ብቻ አዞረች፤ ማቲውስ አርም በዚያው ቀረ። ሎፍት ማውንቴን 79ኛው ማይል አልፎ ነው። ትልቁ እሱ ነው፣ ከ200 በላይ የድንኳን ቦታ አለው፤ ነገር ግን በ35 ማይል ፍጥነት እየተጠማዘዙ እዚያ መድረስ ለእናቴ ጉልበት አይሆንም። የእህቴ ልጅ ልቡ ያረፈው 51ኛው ማይል ላይ ባለው ቢግ ሜዶውስ ነበር፤ ሰፊ ሜዳ፣ አመሻሽ ላይ የሚግጡ አጋዘኖች፣ ሱቅ፣ ሻወር። ችግሩ ሰው ሁሉ ልቡ ያረፈው እዚያ መሆኑ ነው። በኢንተርኔት አስቀድሞ ይያዛል፤ እኛ ስናየው ሞልቷል። «አንድ ሰው ሳይሰርዝ አይቀርም» ብሎ ይዞን ወጣ። የሰረዘ የለም።

መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ወደ ጎብኚዎች ማዕከሉ ገባን። ግድግዳው ላይ የፓርኩ ታሪክ በፎቶግራፍ ተደርድሯል። እናቴ አንዱ ፊት ቆመች፤ መንገድ ዳር የተተከለ የእንጨት ማስታወቂያ ነው። «ምን ይላል?» አለች። ልጁ እየቆራረጠ ተረጎመላት፦ «ሉዊስ ማውንቴን። የጥቁሮች ቦታ። ቡና... ቡና መሸጫና ትናንሽ ቤቶች። ድንኳን መትከያ። መግቢያ።»

ቨርጂንያ ያን ጊዜ ነጭና ጥቁርን ለይታ የምታኖር ግዛት ነበረች፣ መንግሥትም በፓርኩ ውስጥ የአካባቢውን ልማድ ተከተለ። ሉዊስ ማውንቴን እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ለጥቁር ጎብኚዎች ብቻ ተብሎ ነው። በአገር ውስጥ ጉዳዮች ሚኒስቴር አማካሪ የነበረው ዊልያም ትሬንት ይህ እንዲቀር ለሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ ቢወተውትም፣ ልዩነቱ ከነአካቴው የጠፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1950 ገደማ ነው።

«ታዲያ ይሄ ሰፊው ሜዳ ቢያምራቸውስ?» አለች እናቴ።

«እዚህ ማደር አይፈቀድላቸውም ነበር፣ እማማ።»

ዝም አለች። ከዚያ፣ «ቡናው አሁንም አለ?»

«ቡና ቤቱ የለም። ሱቅ ግን አለ።»

«ግድ የለም፣ እኔ ይዣለሁ» አለችና ወደ መኪናው ቀደመችን።

ሉዊስ ማውንቴን ከዚያ 6 ማይል ያህል ወደ ደቡብ ነው። ትንሽ ነው፤ 30 ገደማ የድንኳን ቦታ ቢኖረው ነው። ቀጠሮ የለም፣ ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። ሁለት ባዶ ቦታ አገኘን። ልጁ በአንደኛው ሮጦ ገባ፤ እውነትም ያምራል፣ ጎድጎድ ብሎ ቅጠል የተነጠፈበት፣ ፍራሽ የመሰለ። ድንኳኑን ዘረጋ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፋች። መጀመሪያ ሽቅብ አየች። ቅርፊቱ የተላጠ፣ አንድም ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ ከድንኳኑ በላይ ተንጠልጥሏል። ቀጥላ በጫማዋ ጫፍ ቅጠሉን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ያለው አፈር ደቃቅ ነው፤ ጭራሮውና የቅጠል ስብርባሪው ሁሉ በማበጠሪያ እንደተበጠረ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል።

«ውኃው የሚወርደው በዚህ ነው» አለች። «ንቀለው።»

ነቀለው። ሁለተኛው ቦታ ለዓይን አይሞላም፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ራቅ ያለ፣ ትንሽ ጠጠር የበዛበት፣ ግን ከፍ ያለ ነው። እዚያ ተከልን። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ አልጣለም። እሷም አላፈረችበትም።

ስለ እንጨት ላንሣላችሁ። ከቤታችሁ እንዳትጭኑ፤ ዛፍ የሚፈጅ ነቀዝ ስለሚሸከም ከውጭ የሚገባው በሙቀት ታክሞ ምልክት የተደረገበት ብቻ ነው። ወድቆ የደረቀውን ከጫካው መልቀም ግን ይፈቀዳል። እናቴ ይህን ስትሰማ ልጅነቷ ተመለሰ። አንድ እቅፍ ጭራሮ ይዛ ስትመጣ ያየኋት ፊት፣ ሜሪላንድ ገበያ አዳራሽ ስወስዳት ያላየሁት ፊት ነው።

ቀጥሎ የድቡ ጉዳይ መጣ። ሼናንዶዋ ጥቁር ድብ አለ። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ፣ ምግቡም፣ የጥርስ ሳሙናውም፣ ካልተጠቀሙበት መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ወጡን ቆለፍን፣ በርበሬውን ቆለፍን። ከዚያ ልጁ አያቱን ትክ ብሎ አየና ወደኔ ጠጋ አለ። «የእማማ ጸጉርስ?» ለካ በዋዜማው ቅቤ ተቀብታለች! ጭንቅላት መኪና ውስጥ አይቆለፍ። ሁለት ጊዜ በሻምፑ አሳጠብናት፣ ሻወር ያለው ቦታ መምረጣችንን ያን ጊዜ አመሰገንኩ።

ቡናው ሲቆላ ጨለማ ሆኗል። ሉዊስ ማውንቴን ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ዘለል ቢል ነው፤ የፓርኩ ከፍተኛ ጫፍ ሆክስቢል እንኳ 1,234 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ስነግራት ደብረ ብርሃኗ እናቴ፣ «ይሄም ተራራ ተባለ?» ብላ ሳቀች። ሌሊት ግን ብርድ ልብሴን ወሰደችብኝ።

የምትሄዱ ካላችሁ ዓርብ ከቀትር በፊት ድረሱ። ከደቡብ የምትመጡ በስዊፍት ረን ጋፕ ግቡ፣ ከዚያ 8 ማይል ብቻ ነው። ጀበናውንም አጥባችሁ መኪና ውስጥ ቆልፉት።