ማንም አይጠልፈውም የተባለው ሞገድ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1903፣ ለንደን። በሮያል ኢንስቲትዩሽን አዳራሽ ፕሮፌሰር አምብሮዝ ፍሌሚንግ ስለ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ንግግር እያደረገ ነው። ማርኮኒ ከኮርንዎል ጠረፍ የሚልከው መልእክት ይጠበቃል። ማርኮኒ ከወራት በፊት፣ መሣሪያውን በመቃኘት ብቻ መልእክቱን ሌላ ሰው እንዳይጠልፈው ማድረግ እንደሚችል በጋዜጣ ተናግሮ ነበር።

የተጠበቀው መልእክት ሳይደርስ መቀበያው ሌላ ነገር መቀበል ጀመረ። «አይጦች» የሚል ቃል ተደጋገመ፤ በማርኮኒ ላይ የሚያላግጥ ግጥምም ተከተለ። ላኪው የመድረክ አስማተኛና የሽቦ አልባ ባለሙያ የነበረው ኔቪል ማስክሊን ነበር። ፍሌሚንግ ተቆጥቶ ድርጊቱን ሳይንሳዊ ውንብድና ብሎ ለዘ ታይምስ ጻፈ። ማስክሊንም በዚያው ጋዜጣ ያደረገውን አምኖ መለሰ።

ማን ነበር ትክክል? መልሱ ያለው ቅኝት በሚባለው ነገር ውስጥ ነው። ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር ሲጣመሩ ኤሌክትሪክ በመካከላቸው እየተመላለሰ በራሱ ፍሪኩዌንሲ ይርገበገባል። ጉልበቱ ቶሎ ካልባከነ እንደ ክራር ጅማት ረዘም ላለ ጊዜ ያስተጋባል፤ የሚይዘው የፍሪኩዌንሲ ክልልም ጠባብ ይሆናል። ቶሎ ከባከነ ግን እንደተመታ ጣውላ አንዴ ጮሆ ዝም ይላል፤ ክልሉም ይሰፋል። መሐንዲሶች ኋላ ላይ ይህን «ኪው» በሚባል ቁጥር መለኩት፤ ፍሪኩዌንሲውን ለክልሉ ስፋት ማካፈል ነው። በ1,000 ኪሎኸርዝ ላይ ኪው 10 ከሆነ ስፋቱ 100 ኪሎኸርዝ፣ ኪው 100 ከሆነ 10 ኪሎኸርዝ ነው።

የዚያ ዘመን ማሰራጫዎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይሠሩ ነበር። የብልጭታ ሞገድ ቶሎ ስለሚከስም ሰፊ ቦታ ያጥለቀልቃል፤ የአንዱ ጩኸት የሌላውን ንግግር ይውጠዋል። ደግሞም ቅኝቱ የቱንም ያህል ቢጠብ ያንኑ ቅኝት ያገኘ ሁሉ ይሰማል። ጠባብ ሞገድ ጎረቤትን ላለመረበሽ ይጠቅማል እንጂ ምስጢር አይጠብቅም። ማርኮኒ ግን እንደ ቁልፍ አድርጎ አቀረበው።

ሕግ አውጪዎች ነገሩን በትክክለኛ ቦታው ያስቀመጡት ታይታኒክ ከሰጠመች ከአራት ወር በኋላ ነው። ነሐሴ 1912 የወጣው የአሜሪካ የሬዲዮ ሕግ፣ የሞገድ የመክሰም መጠን ከ0.2 እንዳይበልጥ አዘዘ፤ በኪው ሲሰላ ቢያንስ 16 ገደማ ማለት ነው። ዓላማው የጋራ የሆነውን አየር ተካፍሎ መጠቀም ነበር። አንድ ነገር ግን ከገደቡ ነፃ ተደረገ፦ አደጋ ላይ ያለ መርከብ የድረሱልኝ ጥሪ። እሱ የቻለውን ያህል ሰፊ አድርጎ፣ ሁሉንም ረብሾ እንዲጮህ ተፈቀደለት።