ዳክዬ ድንበር አታውቅም፤ ገበሬው ግን ያውቃል

ዛሬ ስለ ዳክዬ ልንጽፍ ነው። አዎ፣ ስለ ዳክዬ! ከመካከላችን አንዱ ርዕሱን ሲሰማ «ፖለቲካው አልቆባችሁ ነው?» ብሎ ስቆብናል። እኛ ግን ነገሩን በቆፈርነው ቁጥር የመሬት፣ የገንዘብና የሥልጣን ታሪክ ሆኖ ስላገኘነው ልንተወው አልቻልንም። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከበረዶ ነው። ከአሥር ሺህ ዓመታት በፊት ሰሜን አሜሪካን ተጭኖ የኖረው ግግር በረዶ ቀልጦ ሲያፈገፍግ፣ ሜዳውን የፈንጣጣ ጠባሳ እንዳለበት ፊት ጎድጓዳ አድርጎት ሄደ። ጎድጓዶቹ በጸደይ ውሃ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹ ክረምት ሳይመለስ ይደርቃሉ። ከካናዳዎቹ አልበርታ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ ተነሥቶ፣ በሞንታና፣ በሁለቱ ዳኮታዎችና በሚኒሶታ አልፎ እስከ አይዋ የሚዘልቀው ይህ አገር ስፋቱ ከ700,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኢትዮጵያን ከግማሽ በላይ ማለት ነው። አሜሪካኖቹ «የዳክዬ ፋብሪካ» ይሉታል። በሚኒሶታ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ከሚኒያፖሊስ ወደ ምዕራብ ጥቂት ሰዓት ብትነዱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዩአቸው ትናንሽ ኩሬዎች እነዚህ ናቸው።

ለምን ፋብሪካ ተባለ? ጥልቀት የሌለው ኩሬ ቀድሞ ይሞቃል፤ በትንንሽ ነፍሳትም ይሞላል። እንቁላል ልትጥል የተዘጋጀች ዳክዬ ደግሞ የምትፈልገው ይህንኑ ሥጋ ነው። ጥንዶቹ ከሌላ ጥንድ ጋር ኩሬ መጋራት ስለማይወዱ አሥር ትንንሽ ኩሬዎች ከአንድ ትልቅ ኩሬ የበለጠ ጥንድ ያስተናግዳሉ። ጎጆዋን ግን ውሃው ላይ አትሠራም። ማላርድና ፒንቴል የተባሉት ዝርያዎች ከኩሬው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ድረስ ርቀው ሣር ውስጥ ይጥላሉ። ስለዚህ ኩሬው ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ሣሩም ብቻውን ዋጋ የለውም። ይህቺን ነጥብ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ገበሬው በበኩሉ ኩሬውን የሚያየው እንደ እንቅፋት ነው። ትራክተሩን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬደዋል፣ ዘሩን ያበሰብስበታል። ቦይ ቀደደ፣ ቱቦ ቀበረ፣ አደረቀው። መንግሥትም ለረጅም ዘመን በገንዘብ ሲደግፈው ኖረ። ከ1780ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታት ከአላስካና ከሃዋይ በስተቀር ያለው አሜሪካ 53 በመቶ የሚሆነውን ረግረግ አጥቷል። አይዋ ብቻዋን 89 በመቶ፣ ሰሜን ዳኮታ 49 በመቶ። ካሊፎርኒያማ 91 በመቶውን ጨርሳዋለች።

ሕግ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ። የመጨረሻዋ ተጓዥ እርግብ በ1914 በሲንሲናቲ መካነ አራዊት ውስጥ ሞተች። በአንድ ወቅት ሰማይ ያጨልሙ የነበሩ ወፎች ዘር እንዲህ ተቋጨ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1916 አሜሪካ፣ ካናዳን ወክላ ከቀረበችው ከብሪታንያ ጋር የተሰዳጅ ወፎች ውል ተፈራረመች። የማስፈጸሚያው ሕግ በ1918 ወጣ። ሕጉ ጠብመንጃውን ያዘው። ቦዩን ግን አልያዘውም።

ቦዩን መያዝ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በ1930ዎቹ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ዳክዬዎቹ ሲያልቁ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሥራውን የሰጡት ለማን ይመስላችኋል? ለካርቱኒስት! ጄ ኖርዉድ ዳርሊንግ፣ «ዲንግ» እያለ የሚፈርመው፣ ሪፐብሊካንና የሩዝቬልት ተቺ የነበረ ሰው፣ በ1934 የባዮሎጂ ጥናት ቢሮው ኃላፊ ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ እያንዳንዱ የውሃ ወፍ አዳኝ በየዓመቱ አንድ ቴምብር እንዲገዛ አስገደደ። የመጀመሪያውን ቴምብር የሣለውም ራሱ ዳርሊንግ ነው፤ ዋጋው አንድ ዶላር ነበር። በ1935 ደግሞ ፍሬድሪክ ሊንከን በወፎች እግር ላይ የታሰሩ ቀለበቶችን መረጃ ሰብስቦ ተሰዳጆቹ የሚበሩባቸውን አራት ታላላቅ መስመሮች በካርታ አሳየ። ከ1955 ጀምሮ ደግሞ አብራሪ ባዮሎጂስቶች በየግንቦቱ በዝቅታ እየበረሩ፣ መስመር ሳይቀይሩ፣ ዳክዬ ይቆጥራሉ። በ2020 እና በ2021 ብቻ በኮቪድ ምክንያት ተቋርጧል። የዱር እንስሳት ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ረጅምና ሰፊ ቆጠራ ማግኘት ብርቅ ነው።

ቆጠራው በ1985 መጥፎ ዜና አመጣ። ሜዳው ደርቆ ነበር፤ የዳክዬው ቁጥርም እስከዚያ ከታዩት ዝቅተኛዎቹ አንዱ ሆነ። በ1986 የአሜሪካው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዶናልድ ሆዴልና የካናዳው የአካባቢ ሚኒስትር ቶም ማክሚላን የሰሜን አሜሪካ የውሃ ወፎች ዕቅድን ፈረሙ። ሜክሲኮ በ1994 ተጨመረች። ግቡ በቁጥር ተቀመጠ፤ 62 ሚሊዮን ወላድ ዳክዬ፣ በመጸውም 100 ሚሊዮን የሚበር መንጋ። መለኪያው 1970ዎቹ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመን። ዕቅዱን የፈረሙት መንግሥታት መሬቱ የላቸውም! ሜዳው በአብዛኛው የገበሬና የከብት አርቢ የግል ንብረት ነው። ሰሜን ዳኮታ ሄደህ «ኩሬህን አትንካ» ብትለው በር ላይ ያስቀርሃል። ስለዚህ ከንግዱ ዓለም አንድ ቃል ተዋሱ፦ ጆይንት ቬንቸር። የፌዴራል ቢሮው፣ የክፍለ ግዛቱ ቢሮ፣ እንደ ዳክስ አንሊሚትድ ያሉ የአዳኞች ማኅበራት፣ የገበሬ ድርጅቶችና ተመራማሪዎች በአንድ ቦርድ ይቀመጣሉ። የሥራ ክልላቸው የሚሰመረው በአስተዳደር ወሰን ሳይሆን በመልክዓ ምድሩ ነው። የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም፤ መቅጣትም አይችሉም። የሜዳው ትብብር በ1987 ተቋቋመ፤ የታችኛው ሚሲሲፒና የካሊፎርኒያው ማዕከላዊ ሸለቆ ተከተሉ። ዛሬ ከሃያ በላይ ናቸው።

ማዘዝ የማይችል ምን ያደርጋል? ይገዛል፣ ይለምናል፣ ይዋዋላል። በ1989 የወጣው የረግረግ ጥበቃ ሕግ አንድ የፌዴራል ዶላር የሚሰጠው ከመንግሥቱ ካዝና ውጪ ቢያንስ ሌላ አንድ ዶላር ይዞ ለመጣ ብቻ ነው። ገበሬው መሬቱን አይሸጥም፤ የሚሸጠው የማድረቅና የማረስ መብቱን ነው፣ ለዘለዓለም። ከብቱን ያሰማራል፤ ሣሩንም ያጭዳል፣ ግን ጫጩቶቹ ወጥተው ሳያልቁ ከጁላይ አጋማሽ በፊት አይደለም።

ገንዘቡ ግን ለሁሉም አይበቃም። የትኛው ኩሬ ይቅደም? ያቺ ነጥብ እዚህ ትመጣለች። በሚኒሶታና በሰሜን ዳኮታ የተቀመጡ የመረጃ ቡድኖች የጥንዶችን ቆጠራ ከሳተላይት ምስል ጋር አገናኝተው፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ መሬት ላይ ጎጆ ልትሠራ የምትችል ስንት ዳክዬ እንደምትደርስ የሚያሳይ ካርታ ሠሩ። ቀለሙ በቴሌቪዥን ከሚታየው የዝናብ ራዳር ጋር ስለሚመሳሰል «የነጎድጓድ ካርታ» የሚል ስም ወጣለት። ቀይ ያለበት ቦታ ዳክዬው የበዛበት ነው፤ ገንዘቡም መጀመሪያ ወደዚያ ይሄዳል። ድሮ መሬት ይገዛ የነበረው ባለቤቱ ሊሸጥ ስለመጣ ነበር።

ደቡቦቹ ጥያቄያቸው ሌላ ነው። ሚሲሲፒ ሸለቆ ዳክዬ የሚከርምበት እንጂ የሚፈለፈልበት አይደለም፤ ስለዚህ የሚቆጥሩት ቀለብ ነው። አንድ ማላርድ በቀን 300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ትፈልጋለች ብለው ይነሡና፣ ይህ ያህል ዳክዬ ይህን ያህል ቀን ቢቀመጥ ስንት ሄክታር በውሃ የተኛ ማሳ ያስፈልጋል የሚለውን ያሰላሉ። የሰንጋ ተራ ነጋዴም ከዚህ የተሻለ አያሰላም!

ካሊፎርኒያ ደግሞ ዕድል ቀናት። በ1991 የወጣ የአየር ብክለት ሕግ የሩዝ ገለባ ማቃጠልን በደረጃ እንዲቀንስ አደረገ። ገበሬዎቹ ገለባውን ለማበስበስ ማሳቸውን በክረምት በውሃ ማጥለቅ ጀመሩ። ወፎቹ የተራረፈውን ሩዝ ለመልቀም ወረዱ። ለሳንባ የወጣ ሕግ ለዳክዬ ረግረግ ሆነ። ከ2014 ጀምሮም ሌላ ፕሮግራም ወፍ አፍቃሪዎች በስልካቸው ከሚመዘግቡት መረጃ ተነሥቶ፣ ወፎቹ በሚያልፉባቸው ሳምንታት ብቻ ማሳውን በውሃ ለሚይዝ ገበሬ በጨረታ ይከፍላል። ረግረግ በኪራይ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። በ2009 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በአንድ ትእዛዝ አገሩን ሁሉ የሚሸፍኑ 22 የመልክዓ ምድር ጥበቃ ትብብሮችን ዘረጋ። ሳይንሱ ጥሩ ነበር፤ የአየር ንብረት ለውጥንም ያካተተ። መንግሥት ሲቀየር ግን ከ2017 በኋላ ድጋፉ ቆመና አብዛኞቹ ከሰሙ። የዳክዬዎቹ ትብብሮች ግን አሉ። እኛ እንደሚመስለን ልዩነቱ ሳይንሱ ላይ አይደለም። አንደኛው ከላይ በደብዳቤ የመጣ ነው፤ ሌላኛው አዳኙ፣ ገበሬውና የምክር ቤት እንደራሴው የኔ የሚሉት ነው።

እዚሁ ላይ ግን የሚያሳፍረውም አለ። በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ1970 ወዲህ አሜሪካና ካናዳ 2.9 ቢሊዮን ወፍ እንዳጡ አሳየ። የውሃ ወፎች በ56 በመቶ ጨምረዋል። የሣር ሜዳ ወፎች ደግሞ በ53 በመቶ ቀንሰዋል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚኖሩት በአንድ ሜዳ ላይ ነው! ዳክዬዋ ጠብመንጃ የያዘ፣ ቴምብር የሚገዛ፣ ድምፁ የሚሰማ ባለቤት አላት። ትንሿ ዘማሪ ወፍ የላትም። ትብብሮቹ የወፍ ሁሉ ዕቅድ ብለው ሥራቸውን ለማስፋት ተስማምተዋል፤ የገንዘቡ ምንጭ ግን በብዛት ያው የዳክዬው ነው።

ዳክዬዋም ብትሆን ተመችቷት አልቀረችም። የ1985ቱ የእርሻ ሕግ የሚሸረሸር መሬቱን ለሣር ለሚተው ገበሬ ኪራይ ይከፍል ነበር፤ ከ1992 እስከ 1997 በአሜሪካ በኩል ባለው ሜዳ ይህ ብቻ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ገደማ ዳክዬ እንደጨመረ ተሰልቷል። ከ2007 በኋላ ግን ኤታኖል የበቆሎን ዋጋ ሰቀለው። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ በዚህ ውል የተያዘው ሣር ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። በቆጠራው በ2015 የታየው 49.5 ሚሊዮን ዳክዬ በ2023 ወደ 32.3 ሚሊዮን ወርዷል፤ ድርቁም አለበት። በዚያው በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳኬት ጉዳይ የፌዴራሉ የውሃ ሕግ ከወንዝና ከሐይቅ ጋር በገጽ የማይገናኝ ረግረግን እንደማይጠብቅ ወሰነ። የሜዳው ኩሬዎች አብዛኞቹ ደግሞ ከምንም ጋር አይገናኙም። ኩሬውን አሁን ከቦዩ ከሚያስጥሉት ዋናዎቹ አንዱ ከገበሬው ጋር የተፈረመው ወረቀት ነው።

ሚኒሶታ ያለው ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ፖስታ ቤት ሄዶ ቴምብሩን ገዛ። ጠብመንጃ ይዞ አያውቅም። ዋጋው 25 ዶላር ደርሷል፤ ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ለመሬት ይውላል። ሻጯ «የት ነው የምታድነው?» ብላ ጠየቀችው። «የትም» ሲላት ቀና ብላ አየችውና መልሱን ሰጠችው።