የአንድ ዓመት እንግዳ፦ በሰው አገር ትምህርት ቤት በፈቃዳቸው የረዱ ወጣቶች ታሪክ

አንድ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ወደ ሌላ አገር ሄዶ፣ ደመወዝ ሳይቀበል አንድ ዓመት በትምህርት ቤት የሚረዳበት ልማድ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀ ነው። ልማዱ በማኅበር ተደራጅቶ ከተጀመረ ሰባ ዓመት ያህል ሆኖታል። ስለ አጀማመሩ የተጻፈው ግን አብዛኛው የላኪዎቹ ታሪክ ነው፤ መሥራቾቹ እነማን እንደ ነበሩ፣ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ፣ ስንት ወጣቶች እንደ ተላኩ ይተርካል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ወጣቱ ከደረሰ በኋላ እንግድነቱ የሚያበቃው በምንድን ነው? የሚለው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩን መነሻ የምናገኘው በእንግሊዝ አገር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ አገር ወጣት ወንዶች ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ለውትድርና ይጠሩ ነበር። በ1957 መንግሥት ይህ ግዴታ እንደሚቀር አስታወቀ፤ የመጨረሻዎቹ ምልምሎችም በ1960 መጨረሻ ተጠሩ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ ወታደር ቤት ይወስደው የነበረው ጊዜ ለብዙ ተማሮች ባዶ ሆነ። ይህን ባዶ ጊዜ ለበጎ ሥራ ለማዋል ያሰቡት አሌክ ዲክሰንና ባለቤቱ ሞራ ዲክሰን ናቸው። አሌክ ዲክሰን ቀድሞ ጋዜጠኛ ነበረ፤ በኋላም በካሜሩን ጠረፍ፣ ማን ኦ ዎር ቤይ በተባለው ስፍራ፣ የአፍሪካ ወጣቶችን ለማኅበራዊ አገልግሎት አሠልጥኗል። በ1956 የሀንጋሪያ ሕዝብ ዐመፅ በኃይል በታፈነ ጊዜም ባልና ሚስቱ ወደ ኦስትሪያ ጠረፍ ሄደው ስደተኞችን ረድተዋል።

በማርች 1958 የፖርትስመዝ ጳጳስ የላውንስሎት ፍሌሚንግ ስም የተጻፈበት ደብዳቤ በሰንደይ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ደብዳቤው ከትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ ያለውን ዓመት በባሕር ማዶ አገልግሎት እንዲያሳልፉ የሚያሳስብ ነበር። በዚያው ዓመት ቪ.ኤስ.ኦ. በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የባሕር ማዶ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ተመሠረተ፤ ቁጥራቸው ከሃያ የማይበልጥ ወጣቶችም ወደ ሳራዋክ፣ ወደ ጋና፣ ወደ ናይጄሪያና ዛሬ ዛምቢያ ወደምትባለው ወደ ሰሜን ሮዴዥያ ተጓዙ። ምግብና ማደሪያ ከጥቂት የኪስ ገንዘብ ጋር ይሰጣቸው ነበር እንጂ ደመወዝ አልነበራቸውም።

ከነዚህ አገሮች መካከል ሳራዋክን ለይተን እንመልከት። ሳራዋክ በቦርኒዮ ደሴት ላይ የምትገኝ፣ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረች፣ በ1963 የማሌዥያ ክፍል የሆነች አገር ናት። ዲክሰኖች አገሪቱን አስቀድመው ጎብኝተዋት ነበር፤ የአሌክ ወንድም መሪ ዲክሰንም በዚያ የትምህርት ዲሬክተር ነበረ። ስለዚህ የሚሄደው ወጣት ገና ከመነሣቱ በፊት የሚቀበለውና ሥራ የሚሰጠው ሰው ነበረው ማለት ነው። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ቢታይም፣ በኋላ እንደምናየው ዋና ቁም ነገር ነው።

በሳራዋክ የውስጥ አገር መንገዱ ወንዝ፣ መጓጓዣውም ጀልባ ነበር። ከአገሩ ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኢባን ሕዝብ በወንዝ ዳር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በምሰሶ ላይ በተሠራ ረጅም ቤት ይኖር ነበር። ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ጣራ ሥር፣ እያንዳንዱ በየክፍሉ፣ ይቀመጣሉ፤ በክፍሎቹ ፊት ያለው ሰፊ አዳራሽ ግን የሁሉም የጋራ ስፍራ ነው። እንግዳ ከመውጣቱ በፊት ቤቱ በሥርዓታቸው መሠረት ሰው የማይገባበት ጊዜ ላይ አለመሆኑን መጠየቅ አለበት። ከተፈቀደለት በኋላ ጫማውን አውልቆ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ከባለቤቶቹ ጋር ይጫወታል።

በእንግሊዝ አገር ለብቻው መኝታ ቤትና ለብቻው ጠረጴዛ የለመደ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በእንዲህ ያለ አገር ሲያድር የሚያስቸግረው ነገር ምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። እኛ ይህን ጥናት ስንጀምር ትልቁ ችግር ምግቡ፣ ሙቀቱና ትንኙ ይሆናል ብለን ነበር። ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ግን ሰውነት ቶሎ ይለምዳል፤ የሚዘገየው አሳብ ነው። ወጣቱ የሄደው ሊረዳና ሊያስተምር ነው፤ በደረሰበት ስፍራ ግን እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ መቼ ዝም እንደሚል የሚያስተምሩት ባለቤቶቹ ናቸው። በክፍል ውስጥ መምህር፣ ከክፍል ውጭ ጀማሪ ተማሪ ይሆናል። ትምህርት ዘግይተው የጀመሩ ደቀ መዛሙርት በዕድሜ የሚተካከሉት ሲሆንማ ኀፍረቱ ይበረታል። ይህን ኀፍረት የተቀበለ ወጣት እንግድነቱን ይለቃል፤ ያልተቀበለው ግን ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሆኖ ይኖራል።

ይህ ፍርዳችን በአንድ አገር ብቻ እንዳይመሠረት ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሻገር። በማርች 1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሰላም ጓድን አቋቋሙ። የሰላም ጓድ ሰዎች አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ስለ ነበሩ ከዲክሰን ልጆች ይለያሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የተላኩት ለትምህርት ቤት ነው፤ የደረሰባቸውም ፈተና ያው ነው። በኦገስት 1961 ጋና የገቡት የመጀመሪያዎቹ መምህራን በአክራ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ በትዊ ቋንቋ መዝሙር ዘመሩ። ይህም በአገሬው ዘንድ መልካም ስሜት ፈጠረ።

ከሁለት ወር በኋላ ግን በናይጄሪያ የተለየ ነገር ሆነ። በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለመምህርነት ትሠለጥን የነበረች አንዲት የሰላም ጓድ አባል ለወዳጇ በጻፈችው ፖስት ካርድ የአገሩን ኑሮ ኋላ ቀርነት፣ ሰው በመንገድ ዳር ማብሰሉንና መሸጡን በመደነቅ ገለጠች። ካርዱ ሳይላክ ከእጇ ጠፋ፤ ያገኙትም ተማሮች አባዝተው በግቢው አደሉት። ተማሮቹ ተሰብስበው ተቃውሟቸውን ገለጡ፤ ጸሐፊዋም ይቅርታ ጠይቃ አገሩን ለቀቀች። ጓደኞቿ ግን ቀርተው ሥራቸውን ቀጠሉ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። ጸሐፊዋ ክፋት ነበራት ለማለት አንደፍርም። ጥፋቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ ብዕሯ ከእግሯ መቅደሙ ነው፤ አገሩን ሳትለምድ ስለ አገሩ ፈረደች። የኢባዳን ተማሮችም የተቈጡት ድህነታቸው ስለ ተነገረ አይደለም፤ ሊረዳቸው የመጣ ሰው እንደ ትርዒት ስለ ተመለከታቸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1962 ከ270 በላይ የሰላም ጓድ አባሎች ኢትዮጵያ ገቡ፤ አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከመምጣታቸው በፊት በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረው ነበር። ነገር ግን «አንተ» ለማን፣ «እርስዎ» ለማን እንደሚባል፣ ሰላምታ ሲሰጥ ቤተሰቡና ከብቱ ሳይቀር እንደሚጠየቅ በሁለት ወር ትምህርት አይጠናቀቅም፤ ይህ የሚገኘው በጎረቤት ቤት፣ ቡና ሲጠጣ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የራሳችን ተማሮች የሰላም ጓድ እንዲወጣ እስከ መጠየቅ ደረሱ። የዚህ ምክንያቱ ፖለቲካዊ ነበረና በግል መምህራኑ ጠባይ ላይ ብቻ ሊላከክ አይገባም፤ ሆኖም የላኪው መንግሥት ስም በተላኪው ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ያስረዳል። በ1967 የተመሠረተው ፕሮጀክት ትረስት የተባለው የብሪታንያ ማኅበርም ከትምህርት ቤት የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ወጣቶች የላከው ወደ ኢትዮጵያ ነው።

ስለ ሌሎች ስንፈርድ የራሳችንን መርሳት የለብንም። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሮች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ ወሰነ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆኑ። ይህ አገልግሎት ግዴታ ስለ ነበረ የበጎ ፈቃድ ሊባል አይችልም፤ የሄዱትም ወደ ሰው አገር አይደለም። ነገር ግን አማርኛ ብቻ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ተማሮቹ በቤታቸው ሌላ ቋንቋ ወደሚናገሩበት ወረዳ ሲደርስ፣ በገዛ አገሩ እንግዳ ነበረ። እንግድነት በፓስፖርት ብቻ አይለካም።

እንግዲህ ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ቪ.ኤስ.ኦ. ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆችን መላክ እየቀነሰ ሙያ ወዳላቸው ሰዎች አዘነበለ፤ ዲክሰንም በ1962 ከድርጅቱ ወጥቶ ወጣቶች በዚያው በብሪታንያ የሚያገለግሉበትን ሌላ ማኅበር መሠረተ። ተቀባዮቹ አገሮች ከቅን ልብ በተጨማሪ የሠለጠነ እጅ መፈለጋቸው ትክክል ነበር። አንድ ዓመት አጭር ነው፤ እኩሌታው በመልመድ ያልፋል፤ ወጣቱ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ጉልበቱ መጥቀም ሲጀምር የመመለሻው ቀን ይደርሳል። ሒሳቡ በቅንነት ቢታሰብ ብዙውን ጊዜ ባለ ዕዳው ወጣቱ ነው።

ይህ ማለት ግን ልማዱ ይቅር ማለት አይደለም። ተቀባዩ ራሱ ሲጠይቅ፣ ሥራው ተለይቶ ሲታወቅ፣ መጪውም ዕዳውን ሲያውቅ ዓመቱ ለሁለቱም ይጠቅማል። ከእኛም መካከል ነገ ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት የሚመደብ አይጠፋም። እርሱም እንደ ኢባን እንግዳ፣ ከመውጣቱ በፊት ከታች ቆሞ ይጠይቅ፤ ከተፈቀደለትም በኋላ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ማስተማሩን ከዚያ ይጀምር እንላለን።