የቮልስ ዘመድ ጩኸት

አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ቮልስ ገና ሳትታይ በድምጿ እናውቃታለን። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሳይሆን ነፋስ ነው፤ ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር ይጮሃል። ቮልስን የነደፈው የፈርዲናንድ ፖርሽ ቤት በ1963 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያሳያት ፖርሽ 911ም ነፋሱን ከነጩኸቱ ወረሰች።

ጩኸቱን መቀነስ ቀላል አልነበረም። ነፋሱ ከቀነሰ ሞተሩ ይግላል! በ1970ዎቹ አጋማሽ 11 ክንፉ ማራገቢያ በአንዳንዶቹ ላይ በ5 ክንፍ ተተካ፤ ብዙም ሳይቆይ 11ዱ ተመለሰ። ሌላም ጣጣ ነበር፦ ማራገቢያውና ዲናሞው በአንድ ዘንግ ስለሚዞሩ፣ ባትሪ እንዲሞላ ዲናሞው ሲፈጥን ማራገቢያውም አብሮ ይከንፋል። የ1989 ሞዴሏ 964 ለሁለቱ የየራሳቸውን ቺንጋ ሰጥታ ለያየቻቸው፤ ማራገቢያው ዝግ አለ። ከሞተሩ ሥርም ድምፅ የሚያፍን መሸፈኛ ተገጠመ። (ሙቀቱንም አፈነ ብለው ፈተው የጣሉት ባለቤቶች ብዙ ናቸው።)

የጩኸትና የጭስ ሕጉ ግን እየጠበቀ መጣ። ውሃ ደግሞ ሞተሩን ከማቀዝቀዙም በላይ ድምፁን ያፍናል። የመጨረሻዋ የነፋስ 911 በ1998 ተመረተች። ዛሬ ሰብሳቢዎች ውድ ዋጋ የሚከፍሉት ለእነዚያ ጯሂዎች ነው። አይገርመንም፤ እኛም ቮልስ ስታልፍ የታክሲውን መስኮት እንከፍታለን።