የቅመም መንገድ

10ኛ ዓመታችንን ስናከብር በየጓዳችን ስላለው ቅመም ታሪክ ጥቂት ልናካፍላችሁ ወደድን።

እ.ኤ.አ. በ1495 የዴንማርክ ንጉሥ ሐንስ መርከብ ግሪብስሁንደን በዛሬዪቱ ስዊድን ጠረፍ ተቃጥላ ሰጠመች። በ2021 የአርኪዮሎጂ ጠላቂዎች ከፍርስራሿ ውስጥ ሳፍሮን፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ አወጡ። ጀርመን ውስጥ በኦበራደን የሮማውያን ጦር ሰፈርም ከክርስቶስ ልደት 10 ዓመት ያህል በፊት የነበረ ቁንዶ በርበሬ ተገኝቷል።

በሮማውያን ዘመን ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ ተነሥቶ የሚያልፈው በቀይ ባሕር ነበር። በግብፅ የበረኒቄ ወደብ 7.5 ኪሎ ያህሉ በሕንድ ጋን ውስጥ እንዳለ ተገኝቷል። በዚሁ ባሕር ዳር፣ በዛሬዪቱ ኤርትራ የምትገኘው አዱሊስ ደግሞ የአክሱም መንግሥት ወደብ ነበረች። የአክሱም ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም በደቡብ ሕንድ መገኘቱ አባቶቻችን በዚህ ንግድ ላይ የዳር ተመልካች እንዳልነበሩ ይመሰክራል።

ታዲያ በአክሱም ዘመን ወጡ ቀይ አልነበረም። በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተክል ነውና ወደ አገራችን የደረሰው ከኮሎምበስ የ1492 ጉዞ በኋላ ነው። ጥንተ አገሩም የቴክሳስ ጎረቤት ሜክሲኮ ናት። እኛ ዳላስ ድረስ በሻንጣ የምናስመጣው በርበሬ ዓለምን ዞሮ ወደ ሰፈሩ መመለሱ ነው። የአገራችን የራሷ በቃይ ኮረሪማ ናት።

በርበሬ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ባለቤት ሆነ፤ ኮረሪማም ከነስሟ እዚህ ደርሳለች። ስሟ በልጆቻችን አፍ እንዳይጠፋ፣ በየጓዳችን ጣሳ ላይ በአማርኛ እንጻፍላቸው።